የጋጨብ ዓሣ ምን ይበላል

በየነችን ለማወቅ እጇን ማየት ይበቃ ነበር። የጣቶቿ ጫፍ ነጣ ያለና የደረቀ ነበር፤ የጋለ ድስት ያለ ጨርቅ ከምድጃ ላይ ታነሣለች። "አያቃጥልሽም እንዴ?" ስላት "ምኑ?" ትለኛለች። ሰው ሁሉ ፎርማሊን ነው ይል ነበር፤ የዓሣ ሆድ ዕቃ እንዳይበሰብስ የሚነከርበት መድኃኒት። እኔን ከጠየቃችሁኝ ግን መድኃኒቱ የመጣው ሴትየዋ ከደነዘዘች በኋላ ነው።

ዙሌይካ እባላለሁ። ባለቤቴ አሕመዲን ከሚዛን ተፈሪ ወደ አማን በሚወስደው መንገድ ዳር ሱቅ ነበረው፤ የበየነች ጓሮና የኛ ጓሮ በአንድ አጥር ይገናኛሉ። ምላሷ ስለት ነው ይሉኛል፤ ይበሉ። በየነችን "ልጇን አሳልፋ የሰጠች" እያሉ ሲያወሩ ስሰማ ኖሬያለሁ፤ ዝም ያልኩት እሷ ዝም በይ ስላለችኝ ነው። አሁን እሷ የለችም፤ መፍቀድ የሚገባውም ሰው ተናገሪ ብሎኛል። ስለዚህ የማውቀውን እናገራለሁ።

የተወለደችው እዚሁ ሚዛን ነው። አባቷ ከሰሜን፣ ከአንድ ሹም ጋር በወታደርነት መጥተው የቀሩ ሰው ነበሩ። ልጅ እያለች ቴፒ አካባቢ ባለ የቡና እርሻ ሾፌር ለሆነ ሰው ዳሯት። ሁለት ወንዶች ልጆች ወለደችለት። ከዚያ ወባ ወሰደው። በቀብሩ ላይ አላለቀሰችም፤ ደረቷን አልመታችም፤ ፀጉሯን አልነጨችም። አልቃሾቹ እንኳ ተቆጡ አሉ። "እንባዋን ለማን እያስቀመጠች ነው?" ብለው አሟት። ኋላ ሚዛን መጥታ ጎረቤት ስንሆን እኔም ጠይቄያታለሁ፤ መቼም ሰው የማይጠይቀውን መጠየቅ ልማዴ ነው።

"አልመጣማ፤ ምን ላድርግ?" አለችኝ። በቃ ይኸው ነው መልሷ።

ሚዛን እንደገባች በአንድ የእርሻ ቢሮ ጽዳት ሠራተኛ ሆነች። ትጠርጋለች፣ ትወለውላለች፣ ወደ ቤቷ ትመጣለች። በዓል ሲመጣ ደስ አይላት፣ ጾም ሲመጣ አይከብዳት። አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚያስፈራት። ያኔ ብሔራዊ ውትድርና የሚባለው ወጥቶ ጎረምሳውን ሁሉ እየለቀሙ ወደ ሰሜን ጦር ሜዳ መላክ ተጀምሯል። የሄደ አይመጣም፤ የሞተም አይነገርም። በየነች ይህን ስታወራ ብቻ ድምጿ ይለወጥ ነበር። "ሌላው የፈለገው ይምጣ" ትለኝ ነበር፤ "ሁለቱ ልጆቼን ብቻ አይንኩብኝ።"

የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው። ታላቁ ተረፈ ዝምተኛ ነበር። ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ የቡና እጥበት ጣቢያ የመፈልፈያው ማሽን ሠራተኛ ነው፤ ማናልሞሽ የምትባል ደግ ልጅ አግብቶ ልጆች ወልዶ ከናቱ ግቢ ውስጥ ጎጆ ቀልሷል። ሰው ሲጣላ የሚሸሽ፣ ዶሮ ማረድ የሚከብደው ዓይነት ሰው ነው። ለዚህ ነው መሰለኝ የቀበሌ ሊቀመንበር አድርገው የመረጡት፤ ጉልበተኛ ሊቀመንበር ሰልችቶን ነበር። ታናሹ ኃይለሚካኤል ደግሞ ሌላ ፍጥረት ነው። ሁለተኛ ደረጃ ሊጨርስ የደረሰ፣ ዓይኑ የማያርፍ፣ የነኩትን የማይምር ልጅ ነበር። አንድ ጊዜ ኳስ ሜዳ ላይ የገፋውን ልጅ ሳምንት ሙሉ ጠብቆ ጥርሱን አወለቀው። በየነች ግን ለሱ ነበር የምትሳሳው። ትንሽ ነው፣ አባቱን አያውቅም፣ አጥንቱ አልጠነከረም ትላለች። የጥርሱ ባለቤት እናት ይህን ስትሰማ ምን እንዳለች እኔ አልደግመውም።

እንግዲህ ሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት ላይ ነው ብርሃነመስቀል የሚባል የዓሣ ባለሙያ ከአዲስ አበባ የመጣው። ቀጭን፣ ጨዋ፣ ሲናገር እጁን የሚያፋትግ ሰው ነበር። የጋጨብን ወንዝና ወደሱ የሚወርዱትን ጅረቶች ዓሣ ሊያጠና ነው አሉን። ዓሣ ምን ይጠናል? አሕመዲን እንኳ፣ ሰው የማያማው አሕመዲን፣ "ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል፤ ሰውዬው ሌላ ነገር ሊጎረጉር እንዳይሆን" ብሎ ነበር። ለካስ ሰውዬው እውነትም የመጣው ለዓሣ ነው። ዓሣ ከልጅነቱ እስከ ዕድገቱ ምን እንደሚበላ ማወቅ ነው የሚፈልገው፤ ለዚህም ሆዱን መክፈት አለበት። የቢሮው ሠራተኛ ሁሉ ሽታውን ተጸይፎ ሸሸ። በየነች አልሸሸችም። አይሸታትም ነበር።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ትልልቆቹን በመረብ ከጥልቁ ውኃ ያወጣሉ። ትንንሾቹ ግን በመረቡ ቀዳዳ ስለሚያመልጡ፣ የቤንችና የሸኮ ሰዎች በሚያውቁት ዘዴ በብርብራ ይያዛሉ። የብርብራ ፍሬ ይወቀጥና ዱቄቱ ጅረቱ ላይ ይበተናል። ጥቂት ቆይቶ ዓሣው ሁሉ ደንዝዞ ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ይንሳፈፋል። አይሞትም ወዲያው፤ ዓይኑ ያያል፣ አፉ ይከፈታል፣ እጅ ሲያነሣው ግን አይወራጭም። እኔ አንድ ቀን አብሬ ወርጄ አይቻለሁ። የዚያን ጊዜ ሰው ሁላችንም እንደዚያ ዓሣ ነበርን፤ እያየን ነበር የምንለቀመው።

የተያዘው ሁሉ ቢሮው ጓሮ ካለው ጣውላ ላይ ቁመቱ እየተለካ በየመጠኑ ይለያል። በየነች በምላጭ ሆዱን ትከፍታለች፣ አንጀቱን ታወጣለች፣ የበላውን በነጭ ሳህን ላይ ትበትናለች። ብርሃነመስቀል በማጉያ መነጽር ያያል። የቀረውን ፎርማሊን ያለበት ጠርሙስ ውስጥ ይከታሉ። ጓንት ሰጥቷት ነበር፤ አስቸገረኝ ብላ አወለቀችው። እሱም ለምኖ ለምኖ ተወ።

ሥጋው ለሷ ነበር የሚቀረው። በዚህ ምክንያት ነው እኔም የዓሣ ነገር የገባኝ። እሷ ክርስቲያን፣ እኔ እስላም፤ ያረዱትን አንበላም፣ ያረድነውን አይበሉም። ስንት ዘመን ተጎራብተን በአንድ ትሪ ሥጋ ቆርሰን አናውቅም። ዓሣ ግን አራጅ የለው፣ ባራኪ የለው። አምባዛውን፣ ቅርፊት የለውም እርም ነው ብላ እሷ ትጥላለች፤ ቅርፊት ያለውን እኔ ቤት ጠብሰን ሎሚ ጨምቀንበት ሁለቱ ቤት አንድ ላይ ይበላል። ተረፈና አሕመዲን ጎን ለጎን ተቀምጠው እሾኽ ሲለቅሙ ማየት ደስ ይለኝ ነበር። ደስ ይለኝ ነበር ስል የምሬን ነው፤ በዚያ ዘመን ደስ የሚል ነገር ጥቂት ነው።

አንድ ቀን ከቢሮ ስትመጣ ቆም ብላ፣ ዝምታዋን ረስታ፣ "ዙሌይካ፣ ትልቅ ዓሣ ትንሹን ይውጣል ይባል የለ? ውሸት ነው" አለችኝ።

"እንዴት ውሸት?"

"እኔ ሆዱን አይቼዋለሁ። አምባዛው ይውጣል፣ እሱ ሌላ ነው። ይኼ እኛ የምንበላው ግን፣ ትንሹ ነው ሥጋ በል። ትልን፣ የውኃ ተባይን፣ ከሱ ያነሰ ጫጩት ካገኘም እሱን። ትልቁን ስትከፍቺው ቅጠል ነው፤ የሾላ ፍሬ፣ ከእጥበቱ የወረደ የቡና ልጣጭ። ሲያድግ ይተወዋል። ብርሃነመስቀል ነገረኝ፤ ትንሹ ለማደግ ስለሚቸኩል ነው አለ። ሥጋ ካልበላ ሌላው ይቀድመዋል፤ ትልቁ ግን የሚቀድመው የለም፤ ያገኘውን ይበላል።"

እሷ ይህን ያህል ስታወራ ሰምቼ ስለማላውቅ ቃሉ በአእምሮዬ ቀረ። ሁለታችንም ግን ስለ ዓሣ ብቻ ነበር ያወራነው። ከዚያ ሽንኩርት ልከትፍ ገባሁ።

በሚቀጥለው ዓመት ጥቅምት ላይ ኮታ ወረደ። ቀበሌው የተባለውን ያህል ጎረምሳ ለብሔራዊ ውትድርና ማቅረብ አለበት። ስብሰባ ተጠራን፤ በዚያን ጊዜ ስብሰባ መቅረት አይቻልም። ተረፈ ጠረጴዛው ኋላ ተቀምጧል፤ ፊቱ አመድ መስሏል። ሰው ማጉረምረም ጀመረ። አንዷ እናት ተነሥታ፣ "የሊቀመንበሩ ወንድም እያለ የኔ ልጅ ለምን ይሄዳል? ኃይለሚካኤል ዕድሜው አልደረሰም ወይ?" አለች። ያቺ ጥርሱ የወለቀው ልጅ እናት ናት። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ከአውራጃው የመጡት ሁለቱ ካድሬዎች ተረፈን ያዩታል።

ተረፈ ተነሣ። "ከቤቴ እጀምራለሁ" አለ።

ጭብጨባው ቤቱን አናወጠው። አሕመዲን ጎንበስ ብሎ በጆሮዬ፣ "ዓሣ ግማቱ ከአናቱ፤ እሱ ምን ያድርግ" አለኝ። እኔ ግን የማየው በየነችን ነበር። አላጨበጨበችም። ተነሥታ ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች፤ ሲያስቆሟትም የሰማች አትመስልም።

በማግሥቱ በጠዋት በአጥሩ በኩል ጠራችኝ። ኃይለሚካኤልን ሸኮ ወዳለ የአባቱ ዘመድ ቡና ልትልከው ነው። ጫካ ውስጥ ነው፣ ለቀማ ስለሆነ ሰው ይበዛል፣ ማንም ማንንም አይጠይቅም አለች።

"ቆይ እስቲ፤ ተረፈን ጠይቂው እንጂ" አልኳት። "እናቱ ነሽ። ልትሰጠው ነው ወይ በይው።"

"በቤታችን የቀበሌ ነገር አይወራም።"

እውነቷን ነው። ተረፈ ሊቀመንበር የሆነ ዕለት ያወጣው ሕግ ነው። ማታ ሲገባ ማንም ስለ ቀበሌ አይጠይቀውም፤ እሱም አይናገርም። አንድ ቀን መጥተው ሚስቱን ወይም እናቱን ቢይዙ፣ ምንም አናውቅም ሲሉ እውነት እንዲሆን ነው። በዚያን ጊዜ ብዙ ቤት እንደዚያ ነበር፤ እኛም ቤት አሕመዲን የት እንደዋለ አልጠይቀውም። ሰው የሚወደውን ለማዳን ብሎ አፉን ይዘጋል። ያ ልማድ ያተረፈልን ነገር ይኖር ይሆናል፤ ያጠፋብንን ግን እኔ አውቀዋለሁ።

"አንዴ ሕጉን ብታፈርሺው ምን ትሆኛለሽ?" ብዬ ተቆጣኋት። "ያ ልጅ ዶሮ እንኳ አያርድም!"

"ሰው ፊት ተናግሮ ወደኋላ አይልም" አለች። "አውቀዋለሁ። ልጄ ነው።"

ለኃይለሚካኤልም ስንቁን ስትቋጥርለት ያንኑ ነገረችው። "ወንድምህ ሊሰጥህ ነው። ከሸኮ እንዳትወጣ። እሱ መጥቶ ቢጠራህ እንኳ እንዳትወጣ።" እኔ በአጥሩ በኩል ሰምቻታለሁ። ልጁ ስንቁን ተቀብሎ፣ ጉንጯን ስሞ ሄደ። የመንጋጋው ሥር ሲንቀሳቀስ ይታየኛል እስከዛሬ።

ተረፈ ወንድሙ የት እንደሄደ ጠየቀ፤ እናትየው "ዘመድ ልጠይቅ ብሎ ወጣ" አለችው። እሱም ጥያቄ አልደገመም፤ ሕጉ የራሱ ነውና። ፊቱ ላይ ግን ጭንቀት አየሁበት። ያኔ የጥፋተኛ ጭንቀት ነበር የመሰለኝ።

ሳምንት ያህል ቆይቶ በየነች ቢሮው ጓሮ ጣውላው ላይ እየሠራች ሳለ ኃይለሚካኤል ከፊቷ ቆመ። እኔ ምሳዋን ይዤላት ሄጄ ነበር። ልብሱ በጭቃ ተለውሷል፤ ዓይኑ ግን ያበራል። ብርሃነመስቀል ወደ ውስጥ ገብቶ ስለነበር ሦስታችን ብቻ ነን።

"ለምን ወጣህ?" አለችው።

"ጨርሻለሁ" አላት። "ከአውራጃ ነው የምመጣው። ተረፈ የጎረቤታችንን የመድኃኔን ልጅ የሚጥል በሽታ አለበት ብሎ ማለፉን፣ የአንዲት ባልቴት ብቸኛ ልጅ መተዉን፣ እኔንም ሸኮ መደበቁን ነገርኳቸው።"

"አንተን የደበቅሁህ እኔ ነኝ።"

"እሱ ነው አልኳቸው። እሱ ሳይቀድመኝ ቀደምኩት፤ እማዬ።"

ምላጩ እጇ ላይ ነበር። አልወደቀም። ዝቅ ብላ ያቺን በከፊል የተከፈተች ትንሽ ዓሣ ጨረሰቻት፤ አንጀቷን አወጣች፣ ሳህኑ ላይ ዘረጋችው። ከዚያ ምላጩን አስቀመጠች። እኔ ግን ቆሜ መጮኽ ጀመርኩ፤ ልጁን በጥፊ መታሁት። መምታት መብቴ አልነበረም። ገላጋይም አልነበረም። እሱ ጉንጩን ይዞ እናቱን ያያል፤ ያደረገው ነገር ትክክል ነው እንድትለው የሚጠብቅ ይመስል ነበር።

ተረፈን ያን ዕለት ከቡና እጥበቱ ወሰዱት። ከሊቀመንበርነት አወረዱት፤ ዕድሜው ገና ሠላሳ አልሞላምና "አብዮቱን የካደ በደሙ ይካስ" ብለው እዚያው ከጎረምሶቹ ጋር መኪና ላይ ጫኑት። ማናልሞሽ ሕፃን አዝላ መኪናውን ተከትላ ሮጠች። በየነች መንገድ ዳር ቆማለች። ተረፈ ከመኪናው ላይ ሆኖ "እማዬ፣ ልጆቹን" አለ። ሌላ ያለው ነገር ቢኖርም የመኪናው ድምፅ ዋጠው።

እውነቱን የሰማነው ከዚያ በኋላ ነው። የጤና ጣቢያው ድሬሰር፣ ምልምሎቹን የሚመረምረው የሕክምና ረዳት፣ ለለቅሶ በሚመስል አኳኋን መጥቶ፣ ማናልሞሽን አጽናንቶ፣ ሲወጣ ለበየነች ሹክ አላት። ተረፈ ኃይለሚካኤልን በምርመራው "ሳንባው ታማሚ ነው" ተብሎ እንዲመለስ ጨርሶለት ነበር። ልጁ ቀርቦ፣ ሰው ሁሉ አይቶት፣ በሐኪም ቃል ይመለሳል፤ ከዚያ ማንም አፉን አይከፍትም። "ከቤቴ እጀምራለሁ" ያለው ለዚህ ነው። አስቀድሞ ቢናገር ድሬሰሩም እሱም ያልቁ ነበር። ልጁ ሲጠፋበት እንቅልፍ አጥቶ ነበር አለ ድሬሰሩ። በየነች ግን "እግዜር ይስጥህ" ብላ ሰውየውን እስከ በር ሸኘችው።

እኔ ያን ጊዜ እንድታለቅስ ፈልጌ ነበር፤ አልደብቅም። ብታለቅስ እቅፍ አድርጌ አብሬ አለቅስ ነበር። አላለቀሰችም። በማግሥቱ ሥራ ገባች። ብርሃነመስቀል ነገሩን ሰምቶ ዕረፍት ውሰጂ ቢላት "ዓሣው ይበሰብሳል" አለችው። ክረምቱ ሳይገባ ጥናቱን ጨርሶ ጠርሙሶቹን በሳጥን አድርጎ ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ። ሲሄድ ሁለት እጇን ይዞ አመሰገናት። እሷ ወደ መጥረጊያዋ ተመለሰች። ዓሣ በቤታችን መበላቱም ቀረ።

ኃይለሚካኤልን አልነኩትም። መጀመሪያ አካባቢ የወጣቶች ማኅበር አባል አድርገው ከበሮ ሊያስመቱት ፈለጉ። ጥቂት ቀን ሄደ፤ ከዚያ ታመምኩ ብሎ ቀረ። ስለ ድሬሰሩ ነገር የነገረችው እናቱ ናት። ምን ብላ እንደነገረችው አላውቅም፤ በዚያ ሰሞን ጓሯቸው ካለው የእንሰት ተክል ሥር ተቀምጦ ሲያስመልሰው አየሁት። ከዚያ ወዲያ ሌላ ሰው ሆነ። ወንድሙ የሠራበት የቡና እጥበት ገባ፤ ደመወዙን አምጥቶ ለማናልሞሽ ይሰጣል። የተረፈን ልጆች ያጥባል፣ ትምህርት ቤት ያደርሳል፣ ሲታመሙ ተሸክሞ ጤና ጣቢያ ይወስዳል። ድምፁ እንኳ ወረደ። ያ ጥርሱ የወለቀው ልጅ በመንገድ ሲያገኘው ቢሰድበውም ዝም ብሎ ያልፋል። ሚስት አላገባም። ይህን ሁሉ አያለሁ፤ ግን ልቤ አልፈታለትም ነበር። ያደገው ወንድሙን በልቶ ነው፤ እንዲህ ነበር የማስበው።

በየነች ከሱ ጋር አትጣላም፣ አታወራም። ምግብ ታቀርብለታለች። ልብሱን ትጥፍለታለች። ስለ ተረፈ ወሬ የለም፤ አንድ ጊዜ ከምፅዋ መጣ የተባለ ቁስለኛ አየሁት አለ፣ ሌላው ሞቷል አለ። ዓመታት እንዲህ ሄዱ። እንዴት እንደሄዱ ብትጠይቁኝ የማስታውሰው ነገር የለም፤ ዝናቡ ዘነበ፣ ቡናው ተለቀመ።

ሰማንያ ሦስት ግንቦት ላይ መንግሥት ወደቀ። የተበተነው ወታደር በየመንገዱ ፈሰሰ። ወደ ጅማ፣ ወደ ቴፒ፣ ወደ ማሻ፣ አንዱ በሸራ ጫማ፣ አንዱ ባዶ እግሩን፤ ውኃ የሚለምን፣ ቁራሽ የሚለምን። በየነች በሯ ላይ ወጥታ ትቆማለች። ቀና ብላ አንድ በአንድ ታያቸዋለች፤ ትንሽ ቂጣ ትሰጣለች፣ ታሳልፋለች። ሰኔ አጋማሽ ላይ ከነሱ አንዱ አላለፈም። ቆመ። ግራ እጁ ከክርኑ በታች የለም። ፀጉሩ ሸብቷል። ማናልሞሽ ነበረች ቀድማ ያወቀችው።

ሰፈሩ ሁሉ እልል አለ። እኔም አልኩ፤ ከአጥሩ ወዲያ ዘልዬ ነው የሄድኩት። ታጠበ፣ ልብስ ተቀየረለት፣ በግ ታረደ፣ ጎረቤቱ ሁሉ መጥቶ ስሞት ሄደ። ከሰዓት በኋላ የቀረነው የቤቱ ሰዎች፣ እኔና አሕመዲን ነበርን። ኃይለሚካኤል ጥግ ላይ ተቀምጧል፤ የተረፈ ትንሿ ልጅ አባቷን ስለማታውቀው ፈርታ እሱ ጭን ላይ ወጥታ አንገቱን ይዛለች። ተረፈ ልጅቱንና ወንድሙን ሲያይ ቆየ። ፊቱ ደስ ያለው ይመስል ነበር። ከዚያ ወደ እናቱ ዞረ።

"እማዬ፣ አንድ ነገር ብቻ" አለ። "ያኔ ሲይዙኝ 'ወሬው የወጣው ከራስህ ቤት ነው' አሉኝ። አልገፋሁትም። ግን በያንዳንዷ ቀን አስቤዋለሁ። ማን ነበር?"

ኃይለሚካኤል ልጅቱን ቀስ ብሎ ከጭኑ ማውረድ ጀመረ። ሊነሣ ነው። ሊናገር ነው። ከንፈሩ ሲላቀቅ አይቻለሁ።

"እኔ ነኝ" አለች በየነች።

ቂጣ ውሰዱ የምትል ትመስል ነበር።

"አንቺ?"

"ከቤቴ እጀምራለሁ አልክ። ትንሹን ልትሰጠው መሰለኝ። ሄጄ ተናገርኩ።"

"አልጠየቅሽኝም" አለ ተረፈ።

"አልጠየቅሁህም።"

"ጨርሼለት ነበር እኮ። ድሬሰሩ ጋ ጨርሼለት ነበር።"

"ኋላ ሰማሁ።"

ኃይለሚካኤል "ጋሼ…" አለ። እናቱ ቀና ብላ አየችው። በዚያ ፊት ላይ ስንት ዓመት ምንም ነገር አይቼ አላውቅም ነበር፤ ያን ጊዜ ግን አየሁ። "ቁጭ በል" አለችው። "ልጅቱን ያዛት።" እሱም ተቀመጠ። አሕመዲን ክንዴን ጨብጦ ነበር፤ እንዳልናገር መሆኑ ነው። ተረፈ ኃይለሚካኤልን አየና ያዘነለት መሰለው፤ "አይዞህ፣ አንተ ምን ታደርግ" አለው። ከዚያ ተነሥቶ ባለው አንድ እጁ የሚስቱን ትከሻ ይዞ ወጣ።

ከሄዱ በኋላ ኃይለሚካኤል እግሯ ላይ ወደቀ። "እነግረዋለሁ" አላት፤ "ነገ እነግረዋለሁ።"

"አትነግረውም" አለችው። "እኔ በቅርቡ እሞታለሁ። አንተ ከሱ ሌላ ማን አለህ? እሱስ በአንድ እጁ እነዚያን ልጆች ከማን ጋር ያሳድጋል?"

ተረፈ ሳምንት ሳይሞላው ቤተሰቡን ይዞ ቴፒ ገባ። ኃይለሚካኤል በየወሩ እየሄደ ቡናውን ያርምለታል፣ ጣሪያውን ይጠግንለታል፤ አንድ እጅ የማይሠራውን ሁሉ ይሠራለታል። ሁለቱ ወንድማማቾች እንደሚዋደዱት የሚዋደዱ በአገሩ ጥቂት ናቸው። ልጆቹም አጎታቸውን እንደ አባት ነው የሚያዩት። በየነች ከሞተች ወዲህ ተናገሪ ያለኝም ይኸው ኃይለሚካኤል ነው።

እናቱ በሕይወት እያለች ተረፈ ለጉዳይ ሚዛን ሲመጣ እኛ ቤት ይገባ ነበር። ሱቁ በር ላይ ባለው አግዳሚ ተቀምጦ የአሕመዲንን ጤና ይጠይቃል፣ የኔን ይጠይቃል፣ የሰፈሩን ሰው አንድ በአንድ በስም እየጠራ ደኅና ናቸው ወይ ይላል። የእናቱን አይጠይቅም። በየነች ድምፁን ስትሰማ ሥራዋን ትታ ወደ አጥሩ ትመጣና በወዲያኛው በኩል ትቆማለች። እኔ አውቃለሁ፤ ነጠላዋ በአጥሩ ክፍተት ይታየኛል። እሱ እስኪነሣ ትቆያለች። ከዚያ ወደ ቤቷ ትገባለች።